ቀይ ቅጠል ከየት መጣ? የፖርት ጋምብል የጣውላ መንደር ታሪክ

ጥቅምት ሲጋመስ ሲያትል አካባቢ የምንኖር ሰዎች ስልክ በቅጠል ፎቶ ይሞላል። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ወርቃማ። ከቅጠሉ ሥር ነጭ አጥር አለ። ከአጥሩ ኋላ ሾጣጣ ጣሪያ ያላት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሷ ወዲያ ደግሞ ባሕር። «ውይ፣ የት ነው ይሄ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ መልሱ ፖርት ጋምብል ነው።

መንደሯ ትንሽ ናት። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው እንኳ ብዙም ሳይቆይ ዞሯት ይጨርሳል። ሰው ይመጣል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ፎቶውን ይነሳል፣ ይመለሳል። ስለ ቦታው የሚነገረውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ድሮ የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር» ይባላል።

ልክ ነው፣ ነበር። 142 ዓመት ሙሉ ጣውላ ሰንጥቋል። ነገር ግን በዚህች አንድ አባባል ውስጥ ብዙ ነገር ተሸሽጓል። ፎቶ የምንነሳበት ቀይ ቅጠል ራሱ ከፋብሪካው ጋር የመጣ ነው። ከመንደሯ በታች ያለው ባዶ ሜዳም እንዲሁ ዝም ብሎ ባዶ የሆነ አይደለም። ከባሕሩ ማዶ የሚታዩት ቤቶችም የዚሁ ታሪክ ሌላኛው ግማሽ ናቸው። እስቲ ቀስ ብለን እንየው። (ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው የት ነው?

ፖርት ጋምብል በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል ባሕሩን ተሻግሮ ባለው የኪትሳፕ ልሳነ ምድር ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። ከሲያትል መሃል ወደ ቤይንብሪጅ ደሴት በምትሄደው ፌሪ 35 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ በመኪና ወደ ሰሜን ይነዳል። ወይም ከኤድመንድስ ወደ ኪንግስተን በግማሽ ሰዓት ተሻግሮ ጥቂት መንዳት ነው።

የቦታውን አቀማመጥ መያዝ ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ታሪኩ አይገባም። ጠባብ አፍ ያለው የባሕር ወሽመጥ አስቡ። በአፉ ምዕራባዊ ዳር ከፍ ያለ ገደል አለ። ቤቶቹና ቤተ ክርስቲያኗ ገደሉ ላይ ናቸው። ከገደሉ ሥር ወደ ውሃው የገባ ዝቅተኛ ሜዳ አለ። ፋብሪካው የነበረው እዚያ ነው። ከወሽመጡ ማዶ፣ በምሥራቁ ዳር፣ ሌላ መንደር ይታያል። ሊትል ቦስተን ይባላል።

«የኩባንያ መንደር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ወንጂ፣ መተሐራ ወይም ፊንጫ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በ1950ዎቹ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር ማሽን ብቻ አልተከለም። ለሠራተኛው ሰፈር ሠራ፣ ክሊኒክ ከፈተ። አባት ፋብሪካ ይገባል፣ ልጅ የኩባንያው ግቢ ውስጥ ያድጋል። የፋብሪካው ጡሩምባ ለመንደሩ ሁሉ ሰዓት ነው።

ፖርት ጋምብልም እንደዚያው ነበረች። መሬቱ የኩባንያው ነው። ቤቱ የኩባንያው ነው። ሱቁ የኩባንያው ነው። ሠራተኛው ደመወዙን ከኩባንያው ይቀበላል፣ ኪራዩን መልሶ ለኩባንያው ይከፍላል፣ ዱቄቱንና ቡናውን ከኩባንያው ሱቅ ይገዛል። አንድ ሰው ሥራውን ካጣ ቤቱንም ያጣል። ያለ ሐሳብ መኖርም፣ አፍን ይዞ መኖርም ከዚሁ ይመጣል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ብቻ መናገር ታሪኩን ማጉደል ነው።

ደረጃውም በቤቱ ይታወቅ ነበር። የሥራ አስኪያጁ ቤት ትልቅ ነው፣ ባሕሩን ቁልቁል ያያል። ባለቤተሰቡ ሠራተኛ ከአጥር ጋር ደህና ቤት አለው። ላጤው የጋራ ማደሪያ ይተኛል። ዛሬ መንደሯ ውስጥ ስትዞሩ የቤቶቹን መጠን ብቻ አይታችሁ ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ እንደነበር መገመት ትችላላችሁ።

ከወንጂ ጋር የሚለያዩበት አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ። ሸንኮራ ተቆርጦ በአንድ ሁለት ዓመት መልሶ ይደርሳል። እነዚህ ሰዎች የቆረጡት ዛፍ ግን ብዙ መቶ ዓመት የቆመ ነበር።

ፋብሪካው ለምን እዚህ ተተከለ?

ነገሩ የሚጀምረው ካሊፎርኒያ ነው። በ1849 የወርቅ ወሬ ሰምቶ ሰው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ጎረፈ። ከተማዋ በጥድፊያ፣ በእንጨትና በሸራ ተሠራች። ከዚያ ተቃጠለች። እንደገና ተሠራች፣ እንደገና ተቃጠለች። ከ1849 መጨረሻ እስከ 1851 አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ ስድስት ታላላቅ ቃጠሎዎች ደርሰውባታል። በእያንዳንዱ ቃጠሎ ማግስት ጣውላ የያዘ ሰው ወርቅ ከያዘ ሰው አያንስም ነበር።

ከወርቁ ይልቅ ጣውላውን ካሰቡት መካከል አንድሩ ፖፕና ፍሬድሪክ ታልቦት ይገኙበታል። የመጡት ከአገሪቱ ሌላኛ ጫፍ፣ ከሜይን ግዛት፣ ኢስት ማቻያስ ከተባለች ከተማ ነው። ኢስት ማቻያስም የጣውላ ከተማ ነበረች፤ ሰዎቹ ግንድ እያዩ ያደጉ ናቸው። በ1853 የፍሬድሪክ ወንድም ካፒቴን ዊልያም ታልቦት በመርከብ ወደ ሰሜን ወጥቶ ቦታ ፈለገ። ይህን ወሽመጥ አገኘ።

ለጣውላ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማሰብ ይከብዳል። ጫካው እስከ ባሕሩ ጫፍ ድረስ ወርዷል። ውሃው ጥልቅ ነው፣ ትልቅ መርከብ ዳር ድረስ ይጠጋል። ወሽመጡ ከነፋስ የተከለለ ስለሆነ ግንድ አንሳፍፎ ማቆየት ይቻላል። ለፋብሪካ የሚሆን ሜዳም አለው። መንገድ በሌለበት ዘመን ውሃ ነበር መንገዱ።

ማሽኑ ከቦስተን በመርከብ ተጫነ። የፓናማ ቦይ ገና አልተቆፈረም። መርከቧ ደቡብ አሜሪካን ዞራ፣ ወደ አምስት ወር ተጉዛ በመስከረም ደረሰች። ኩባንያው ፑጀት ሚል ተባለ፤ የባለቤቶቹ ድርጅት ደግሞ ፖፕ ኤንድ ታልቦት። ሳይረስ ዎከር የተባለ የሜይን ወጣት አብሮ መጥቶ ነበር። ኋላ ላይ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ለብዙ አሥርት ዓመታት መርቶታል።

እዚህ ላይ ለሲያትል ሐበሻ አንድ ነገር ላንሳ። በዚያው በ1853 ሄንሪ የስለር የተባለ ሰው ሲያትል መሃል የእንፋሎት መሰንጠቂያ ከፍቶ ነበር። ብዙ ሐበሻ መጀመሪያ ሲመጣ ያረፈበት የስለር ቴራስ በእርሱ ስም የተጠራ ነው። ዛሬ የስለር ጎዳና የሚባለው ዳገትም ግንድ እየተጎተተ ወደ መሰንጠቂያው ይወርድበት የነበረ መንገድ ነው። ይህ አካባቢ በሙሉ፣ ሲያትልን ጨምሮ፣ የተነሳው ከሰጋቱራ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ግንድ እንዴት ጣውላ ይሆናል?

በመጀመሪያ ዛፉ። የአካባቢው ዋና ዛፍ ዳግላስ ፈር ይባላል። ከኛ ጽድ ጋር የቅርብ ዘመድ ባይሆንም ቅጠሉ እንደዚያው ደቃቅ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። ያረጀው ከ60 ሜትር በላይ ይመዘዛል። ግንዱን ሦስት አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚያቅፈው።

ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ቆመው በረጅም መጋዝ ይቆርጡታል። ከወደቀ በኋላ በበሬ ይጎተታል። መንገዱ ላይ እንጨት በአግድም ይነጠፋል፣ ግንዱ እንዲንሸራተትም ቅባት ይቀባል። በኋላ ባቡርና የእንፋሎት መጎተቻ በሬዎቹን ተካ። ግንዱ ባሕር ከደረሰ ግማሹ ድካም አለቀ፤ ውሃው ይሸከመዋል። ወሽመጡ ውስጥ ዙሪያውን በሰንሰለት ታጥሮ ተራውን ይጠብቃል።

ከዚያ በሰንሰለት ተጎትቶ ወደ ፋብሪካው ይወጣል። ትልቁ መጋዝ መጀመሪያ ጎኖቹን ይልጣቸዋል። ድፎ ዳቦ ሲቆረጥ መጀመሪያ ቅርፊቱ እንደሚነሳ ማለት ነው። ቀጥሎ ወፍራም ገበታ ይሆናል፣ ከዚያ ጠርዙ ይስተካከላል፣ ርዝመቱ ይመጠናል። ጣውላው ጣውላ፣ ሞራሌው ሞራሌ ሆኖ ይደረደራል። ከፋብሪካው ቀጥታ መርከብ ላይ ይጫናል። መዳረሻው ሳን ፍራንሲስኮ ብቻ አልነበረም። ወደ ሃዋይ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ደቡብ አሜሪካም ይሄድ ነበር።

ሰጋቱራውና ፍቅፋቂውስ? አንዱ ክፍል ራሱን ፋብሪካውን ያንቀሳቅሳል። ይቃጠላል፣ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ መጋዙን ያዞራል። እንጨቱ ራሱን በራሱ ያስቆርጣል ማለት ነው። የተረፈው ግን ብዙ ነበር። ብዙው ወሽመጡ ውስጥ ገባ። ይህችን ነገር ያዟት፣ እንመለስባታለን።

ከፋብሪካው በፊት እዚያ ማን ነበር?

ስክላላም የሚባሉ ሕዝቦች። ፋብሪካው የተተከለበት ሜዳ ይኖሩበት የነበረ ቦታ ነው። ሳልመን ያጠምዳሉ፣ ሄሪንግ የተባለውን ትንሽ ዓሣና እንቁላሉን ይሰበስባሉ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ከአሸዋው ውስጥ ቀንድ አውጣ መሳይ ባለዛጎል እንስሳትን ይቆፍራሉ። ሰፋሪዎቹ ራሳቸው ቦታውን መጀመሪያ የጠሩት ቲካሌት በሚል ከነባሩ ሕዝብ በወሰዱት ስም ነው። ፖርት ጋምብል የተባለው በ1868 ነው።

ኩባንያው ሜዳውን ፈለገው። ስክላላሞቹ ወሽመጡን ተሻግረው ማዶ፣ ፖይንት ጁሊያ ላይ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በልጆቻቸው ዘንድ ሲነገር የቆየው ታሪክ እንዲህ ነው፦ በለውጡ ለቤት መሥሪያ ጣውላ፣ ለገና ስጦታ፣ በፋብሪካውም ሥራ ቃል ተገባላቸው። እውነትም ብዙዎቹ ፋብሪካው ውስጥ ሠሩ። ጠዋት በታንኳ ተሻግረው መጥተው፣ የአባቶቻቸው መንደር በነበረው መሬት ላይ ቀኑን ሙሉ ግንድ ሲያነሱ ውለው፣ ማታ በታንኳ ይመለሱ ነበር።

በጥር 1855 ፖይንት ኖ ፖይንት ላይ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል ተፈረመ። ስክላላሞችና ጎረቤቶቻቸው ሰፊ አገር ለቀው 60,000 ዶላር፣ እሱም በ20 ዓመት ተከፋፍሎ፣ እንዲቀበሉ የሚል ነው። ወደ ደቡብ ሄደው ከሌላ ሕዝብ ጋር እንዲሰፍሩም ተባለ። የፖርት ጋምብሎቹ አልሄዱም። የራሳቸው መሬት በሕግ የታወቀላቸው በ1938 ነው። ከውሉ 83 ዓመት በኋላ!

ውሉ ውስጥ ግን አንዲት ሐረግ ነበረች። በለመዱት ቦታ ሁሉ ዓሣ የማጥመድ መብታቸው የተጠበቀ ነው የምትል። በ1974 አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ ጆርጅ ቦልት፣ ይህች ሐረግ በትክክል ሥራ ላይ ትዋል ብሎ ፈረደ። ውል የፈረሙት ሕዝቦች ከሚጠመደው ዓሣ ግማሹን የማጥመድ መብት እንዳላቸው ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ወሽመጡን ማቆሸሽ የአንድን ሕዝብ መብት መንካት ሆነ።

መንደሯ ውስጥ ካለው ኮረብታማ መቃብር አንድ ድንጋይ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። በኅዳር 1856 ከሩቅ ሰሜን በታንኳ የመጡ ተወላጆች ወሽመጡ ውስጥ ሰፈሩ። የአሜሪካ የባሕር ኃይል መርከብ ልቀቁ አላቸው፣ አልለቀቁም፣ በመድፍ ተደበደቡ። ከእነርሱ 27 ሰዎች ሞቱ። ከመርከቧ አንድ ሰው ሞተ፣ ጉስታቭ ኤንግልብሬክት የሚባል። ድንጋዩ የእርሱ ነው። የሃያ ሰባቱ ድንጋይ የለም።

ታዲያ ቅጠሉ ለምን ይቀላል?

የዚህ አካባቢ ተፈጥሮአዊ ጫካ በመጸው ብዙም አይቀላም። ዳግላስ ፈሩም፣ ሲዳሩም፣ ሄምሎኩም ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ናቸው። ቅጠሉ ሰፋፊ የሆነው የአገሩ ሜፕል ቢጫ ይሆናል። ቫይን ሜፕል የተባለው ትንሹ ዛፍ ብቻ ደህና አድርጎ ይቀላል። ታዲያ ፖርት ጋምብል ላይ ያ ሁሉ ቀለም ከየት መጣ?

ከሜይን ነው። ሰዎቹ አገራቸው ናፈቃቸው። ቤቶቹን የሠሩት በሜይን ቤት አምሳል ነው፤ ጣሪያው የቀና፣ ግድግዳው የተነባበረ ጣውላ፣ አጥሩ ነጭ። በ1870ዎቹ የተሠራችው ቤተ ክርስቲያን የኢስት ማቻያሷን ቤተ ክርስቲያን አስመስላ የቆመች ናት። ሜፕልና ኤልም ችግኞችም ከምሥራቅ በመርከብ መጥተው በመንገዱ ዳር እንደተተከሉ ይነገራል። የምሥራቁ ሜፕሎች ደግሞ በመጸው እሳት ነው የሚመስሉት። ስደተኛ በጓሮው ጌሾና ጤና አዳም እንደሚተክለው፣ እነዚህም የናፈቁትን ዛፍ ተከሉ። ዙሪያውን ያለውን ታላቅ ጫካ እየቆረጡ፣ መንደራቸው ውስጥ የሩቁን ዛፍ ያጠጡ ነበር። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ቀለሙ ራሱ እንዴት ይመጣል ለሚለው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው ክሎሮፊል በሚባል ነገር ነው። ክሎሮፊል የፀሐይን ብርሃን ይዞ ለዛፉ ስኳር ይሠራል። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ሒሳብ ይሠራል። ብርሃኑ አንሷል፣ ብርዱ እየመጣ ነው፣ ወጥ ቤቱን ክፍት አድርጎ መክረም አያዋጣም። ስለዚህ ክሎሮፊሉን ያፈርሰዋል። ከቅጠሉ ውስጥ የሚጠቅመውን፣ በተለይ ናይትሮጅኑን፣ ወደ ግንዱ ይሰበስባል።

አረንጓዴው ሲሄድ ቢጫው ይገለጣል። ቢጫው አዲስ አይደለም፣ በጋውን ሙሉ ከሥር ነበረ። ወንዝ ሲጎድል ድንጋዩ እንደሚታየው ነው። ቀዩ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ በመጸው አዲስ ይሠራል። ከቅጠሉ ግርጌ ቀስ እያለ እንደ ቡሽ ያለ ግድግዳ ይበቅላል። ስኳሩ መውጫ አጥቶ ቅጠሉ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከእርሱም አንቶሳያኒን የሚባለው ቀይ ቀለም ይሠራል። ለዚህ ነው ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ግን ውርጭ የማይጥልበት ሲሆን ቅጠሉ የሚደምቀው። ሲያትል አካባቢ እንደምታውቁት ጥቅምት ደመናማ ነው። መስከረሙ ብሩህ ከሆነ ዓመቱ ጥሩ ቀይ ይሰጣል፤ ዝናብና ነፋስ ከቀደመ ቅጠሉ ሳይደምቅ ይረግፋል።

አንድ ዛፍ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ቀይ አልደር ይባላል፣ የአገሩ ዛፍ ነው። ስሙ ቀይ ቢሆንም ቅጠሉን እንደ አረንጓዴ ይጥለዋል። ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ከአየር ናይትሮጅን ይወስዳል፣ ልክ እንደ ባቄላና አተር። ናይትሮጅን ሞልቶለታልና ከቅጠሉ ለመሰብሰብ አይደክምም። የወደቀው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል። ጫካ ሲጨፈጨፍ ባዶው መሬት ላይ ቀድሞ የሚበቅለውም እርሱ ነው። ፎቶ የሚያነሳው የለም።

ለኛ ደግሞ ወቅቱ በራሱ ግርታ አለው። ሀገር ቤት መጸው፣ በኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 ጀምሮ፣ የአበባ ጊዜ ነው፣ ዘመነ ጽጌ የሚባለውም በዚሁ ውስጥ ነው። አደይ የሚያብብበት ወቅት እዚህ ቅጠል የሚረግፍበት ሆኖ ይጠብቀናል። ቃሉ አንድ ነው፣ የሚታየው ሌላ።

መጋዙ ለምን ቆመ?

ፋብሪካው በኅዳር 1995 መጨረሻ ተዘጋ። ሲዘጋ በሰሜን አሜሪካ ሳያቋርጡ ረጅም ዘመን ከሠሩት መሰንጠቂያዎች ቀዳሚው ይባል ነበር። በመካከሉ ባለቤት ተለዋውጧል። በ1925 ማኮርሚክ ለተባለ ኩባንያ ተሽጦ፣ ገዢው ዕዳውን መክፈል አቅቶት በ1938 ወደ ፖፕ ኤንድ ታልቦት ተመልሷል።

የመዘጋቱን ምክንያት አንድ ነገር ላይ መለጠፍ ልክ አይመስለኝም። ብዙ ሰው «ጉጉቷ ናት» ይላል። በ1990 በአብዛኛው በጥንታዊ ጫካ የምትኖር አንዲት የጉጉት ዝርያ የሕግ ጥበቃ አገኘች፣ ከመንግሥት ጫካ የሚቆረጠው ግንድ በጣም ቀነሰ። ይህ እውነት ነው። ግን ከዚያ በፊትም ትልልቆቹ ዛፎች አልቀው ነበር። ግንድ ሳይሰነጠቅ ወደ ጃፓን መሸጥም ተለምዶ ስለነበር፣ የአገር ውስጥ መሰንጠቂያዎች ግንድ የሚገዙት በውድ ነው። አዳዲስ ፋብሪካዎች ደግሞ ባነሰ ሰው፣ ቀጭን ግንድ በፍጥነት ይሰነጥቃሉ። ለግዙፍ ግንድ የተሠራ የድሮ ፋብሪካ ከእነርሱ ጋር መወዳደር አልቻለም።

ለሠራተኞቹ ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የአያትና የአባት ሥራ ነበር የቆመው። በማዶው መንደርም እንዲሁ።

ውሃው ውስጥ ምን ቀረ?

ሁለት ነገር። አንደኛው ያ ሰጋቱራና ፍቅፋቂ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ወሽመጡ ሥር ሲጠራቀም ኖረ። እንጨት ነው፣ ምን ይጎዳል ይባል ይሆናል። ግን ውሃ ሥር ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ከሥር የሚኖረው ነገር ይታፈናል።

ሁለተኛው ምሰሶዎቹ ናቸው። የመርከብ መቆሚያው በእንጨት ምሰሶ ላይ ነበር የተሠራው። እንጨቱ እንዳይበላ ክሪዮሶት በሚባል ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጥቁር ቅባት ተነክሯል። ክሪዮሶት ትልን ይከላከላል፤ የዓሣ እንቁላልንም ይመርዛል። ይህ ወሽመጥ ደግሞ ሄሪንግ እንቁላሉን ከሚጥልባቸው የአካባቢው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ነው። ሄሪንግ ሲቀንስ ሳልመን ይራባል።

ጽዳቱ ከ2015 እስከ 2017 ተካሄደ። የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ የመሬቱ ባለቤትና የስክላላም ሕዝብ የተሳተፉበት ረጅም ድርድር ነበር ከጀርባው። ከ8,500 በላይ ምሰሶዎች ተነቀሉ። በሺዎች የሚቆጠር የገልባጭ መኪና ጭነት የሚሆን የተበከለ አፈርና የበሰበሰ እንጨት ከባሕሩ ሥር ወጣ፤ በንጹሕ አሸዋም ተሸፈነ። ከገደሉ ሥር የምታዩት ባዶ ሜዳ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። ብዙ ጎብኚ «ምንም የለም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን እዚህ ቦታ ላይ ከተሠሩ ሥራዎች ትልቁ ያ ይመስለኛል።

ቤቶቹ እንዴት ተረፉ?

በዚህ ባሕር ዳር ብዙ የጣውላ መንደሮች ነበሩ። ፖርት ማዲሰን፣ ፖርት ብሌክሊ። መሰንጠቂያዎቻቸው ጠፍተዋል። ፖርት ጋምብል የተረፈችው ባለቤቷ አንድ በመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ባለቤት ቢኖረው ኖሮ አንዱ ያፈርስ፣ አንዱ ፎቅ ይሠራ ነበር። እዚህ ግን ሁሉም ወሳኝ አንድ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ላይ ቆየ። በ1966 መንደሯ የአገር ታሪካዊ ቅርስ ተብላ ተመዘገበች።

ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ መሬቱ ፖፕ ሪሶርስስ በተባለው፣ በ1985 ከእናት ኩባንያው በተለየ ድርጅት እጅ ቆየ። ቤቶቹ ሱቅና ቡና ቤት ሆኑ፣ ሠርግም ይደገስባቸዋል። በ2020 ድርጅቱን ሬዮኒየር የተባለ ሌላ የጫካ ኩባንያ ገዛው። በዙሪያው ካለው ጫካ ወደ 3,500 ኤከር የሚጠጋውን ደግሞ ካውንቲው ገዝቶ ለሕዝብ መናፈሻ አድርጎታል።

መቼ መሄድ ይሻላል?

ለቀይ ቅጠል ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበርና ኖቬምበር ማለቴ ነው። ፌሪው ቅዳሜና እሑድ ሰልፍ ስላለው በጠዋት ውጡ። መንገዱን ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ መቃብሩ ውጡ፣ ከዚያ ወደ ገደሉ ጫፍ ሂዱ።

ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነፋሱ ቅጠሉን ያራግፈዋል። ያን ጊዜ የሚመጣ ጎብኚ ጥቂት ነው። ቅርንጫፎቹ ባዶ ይሆናሉ፣ ውሃው ግራጫ ነው። በባዶዎቹ ቅርንጫፎች መካከል ማዶው ከነቤቶቹ ቁልጭ ብሎ ይታያል።